ልጁን መዝናችሁ ስትጨርሱ እናትየዋንም ጠይቁልን

ይድረስ በጤና ሚኒስቴር የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና ሥራ ለምትመሩ፣ በየጤና ጣቢያው ክትባት ክፍል ለምትሠሩ፣ እንዲሁም አራስ ልትጠይቁ ለምትሄዱ ሁሉ።

ጤና ይስጥልኝ።

የ8 ወር ልጅ እናት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ልጄ ደህና ነው፣ ተመስገን። መዳህ ጀምሯል፤ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ስለ እሱ አይደለም። ስለ እሱ የሚጠይቅ ሰው ሞልቷል። የምጽፈው ስለ ወላዷ ነው።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ልጅ በ45 ቀኑ ለክትባት ሲመጣ ይዛው የመጣችው እናትም ትታይ። ግፊቷ ይለካ፤ አምስት ስድስት ጥያቄ ትጠየቅ። እዚያው፣ በዚያው ቀን፣ ሌላ ካርድ ሳታወጣ፣ ሌላ ሰልፍ ሳትይዝ።

ለምን 45ኛውን ቀን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ።

የልጄ 45ኛ ቀን የዋለው ማክሰኞ ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጤና ጣቢያ ደረስኩ። አግዳሚው ሞልቷል፤ የቀረነው ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። ሁላችንም አንድ እንመስላለን። ነጠላ፣ ፎጣ፣ የሕፃን ብርድ ልብስ፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን። ተራዬ ሲደርስ ነርሷ በደንብ ነው የተቀበለችኝ። ልብሱን አስወልቃ መዘነችው። 4 ኪሎ ከ800። «ጎሽ፣ ጥሩ ጨምሯል» አለችኝ። በአፉ ጠብታ ሰጠችው፤ ሁለቱን ጭኖቹን መርፌ ወጋችው። እጇ ቀላል ነው። ትኩሳት ቢነሣበት ምን ማድረግ እንዳለብኝ አስረዳችኝ። ካርዱ ላይ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ጻፈችልኝ። ከዚያ አንገቷን ወደ በሩ አሰገገችና «ቀጣይ!» አለች።

እኔ አፌ ላይ ጥያቄ ነበረኝ። የሆዴ ስፌት አንዱ ጥግ አሁንም ያቃጥለኛል። ሌሊት ሌሊት ሳላውቀው እንባዬ ይወርዳል። «ቀጣይ» ስትል ጥያቄዬን ዋጥኩት። ነርሷ ላይ አልፈርድም። ከኋላዬ የነበረውን ሰልፍ አይቼዋለሁ፤ እሷ ደግሞ ብቻዋን ነበረች። ከፊቷ ያለው ካርድም የልጁ ነው። ስለ እኔ የሚጠይቅ መስመር አላየሁበትም።

ከእኔ ቀድማ የገባችው እናት ልጅ እግር ናት፤ 20 ዓመት ቢሆናት ነው። ሰልፍ ላይ ሳለን አግዳሚው ላይ ቦታ ቢለቀቅላትም አልቀመጥ አለች። ሁለት ጊዜ «ተቀመጪ እንጂ» አልኳት። በሦስተኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሽንት አልቋጥር ብሎኛል፤ አግዳሚውን እንዳላበላሽባቸው ነው» አለችኝ። ከወለደች ጀምሮ እንደዚህ ናት። እናቷ «ወላድ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ይተውሻል» ብላታለች። የእሷም ልጅ ተመዘነ፣ ተከተበ። «ቀጣይ» ተባለ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አስራ ወጣች። ስልኳን ሳልቀበላት መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በኋላ አንዲት አዋላጅ ነርስ ጠይቄ ነበር። ከወሊድ በኋላ ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ ወይም ሲስቁ ሽንት ጠብ ማለቱ ብዙ ሴት ላይ ይደርሳል። ሽንት እንደሚቋጥሩ አድርጎ የታችኛውን ጡንቻ መጭመቅና መልቀቅ፣ ይህንንም በቀን ደጋግሞ መለማመድ ይረዳል። ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ግን ፊስቱላ፣ ማለትም በአስቸጋሪ ምጥ የተነሣ የተፈጠረ ሽንት የሚያሾልክ ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላል። ፊስቱላ ደግሞ ሕክምና አለው። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 የከፈቱት ሆስፒታል አለ። በነፃ ያክማል። ከሌላ አገር የሚመጡ ሐኪሞች ሳይቀሩ ሙያውን የተማሩበት ቤት ነው። በዚህች ከተማ አንዲት ልጅ ከነርስ አንድ ክንድ ርቃ ቆማ፣ የደረሰባትን የሚጠይቃት ሰው አላገኘችም። ያመማት ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት ወላድ ቢያንስ አራት ጊዜ እንድትታይ ይመክራል። አንደኛው በወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ ነው። ሁለተኛው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ። ሦስተኛው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን። አራተኛው በ6ኛው ሳምንት። 6 ሳምንት ስንት ቀን ነው? 42። ክትባቱስ? በ45። የሦስት ቀን ልዩነት ነው። እናትየዋ ታክሲ ከፍላ፣ ልጅ ታቅፋ፣ በእግሯ መጥታላችኋለች። ከዚያ በኋላ ማን ያገኛታል?

የተሠራውን ሥራ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በወለዱ በ2 ቀን ውስጥ የታዩት እናቶች ከ100 17 ብቻ ነበሩ። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥናት ወደ 34 ከፍ ብለዋል። በጤና ተቋም የሚወልዱት ደግሞ ከ26 ወደ 48 ደርሰዋል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን እኅቶቻችን የደከሙበት ነው። ለወላዶች ገንፎ የሚያገነፉ፣ ቡና የሚያፈሉ ጤና ጣቢያዎች እንዳሉም አውቃለሁ፤ ስሰማ ልቤ ይሞቃል። ያም ሆኖ ከ100 66ቱ በእነዚያ ሁለት ቀናት ማንም አላያቸውም። ደም መፍሰስ እናቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

አሁን የራሴን ላውራችሁ።

የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው። በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ወጣሁ። 4ኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ባለቤቴ ልጁን ይዞ ከፊት፣ እናቴ ከኋላ ወገቤን ደግፋ፣ በየመድረኩ እየቆምን ወጣን። ባለቤቴ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አባት የሚያገኘው የ3 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ነው። ሦስቱንም ቀን ሆስፒታል ጨረሰው። በማግሥቱ ሥራ ገባ።

እናቴ ከደብረ ብርሃን ነው የመጣችው። አንድ ጆንያ ሙሉ ይዛ። የገንፎ ዱቄት፣ የአጥሚት እህል፣ የተነጠረ ቅቤ፣ በርበሬ፣ አብሽ፣ ተልባ። ጠዋት ስነቃ ማማሰያው ብረት ድስቱን ሲመታ እሰማለሁ። ገንፎውን ገበታ ላይ ታወጣና መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤና በርበሬ ትሞላዋለች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ «አንድ ብቻ፣ ስለ ማርያም» እያለች ታጎርሰኛለች። ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ያ ፍቅር ነው ያቆመኝ። ስለዚህ ባህላችንን የሚነቅፍ ደብዳቤ እየጻፍኩ እንዳልሆነ እወቁልኝ። አራስ ብቻዋን አትተውም የሚለውን ሕግ ያወጡት እናቶች ብልህ ነበሩ። ትራስ ሥር ብረት የሚቀመጠው ክፉ እንዳይነካት ነው ይላሉ። እኔ ግን ከብረቱ ይልቅ አጠገቧ የሚያድረው ሰው ነው የሚጠብቃት ብዬ አምናለሁ። ክርስትና ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን መሆኑ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም 40 ቀን መቁጠራቸው፣ ለወላድ ከሥራና ከመንገድ የምታርፍበት ጊዜ ሰጥቷታል።

አንድ ነገር ግን ሊገድለኝ ነበር።

ከሆስፒታል ስወጣ «በ7ኛው ቀን ስፌቱ እንዲታይ ተመለሺ» ተብያለሁ። የተነገረኝ ለእኔ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት የማደንዘዣው ድካም አልለቀቀኝም፤ ልጁ ያለቅሳል፤ ጡቴ ግትር ብሏል። የሰማሁትን ግማሹን እንኳ አልያዝኩትም። ቤት ውስጥ ሕግ የምታወጣው እናቴ ናት። ለእሷ የነገራት ሰው የለም። 7ኛው ቀን ሲደርስ «አራስ በ7 ቀኗ ፀሐይ ላይ? ምች ሊመታሽ?» አለች። ቀረሁ።

በ9ኛው ቀን ማታ ብርድ ብርድ አለኝ። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። እናቴ «ይኸው ምች!» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። በማግሥቱ ታችኛው ፎቅ ያለች ጎረቤታችን ሙቅ ይዛ መጣች። እኅቷ በአራስነቷ የሞተችባት ሴት ናት። እጄን ያዘች፤ ጎንበስ ብላ አሸተተችኝ። ሆዴን ገልጣ ፋሻውን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ለእናቴ «እማማ፣ ይሄ ምች አይደለም። መግል ነው። አሁኑኑ ትነሣ» አለቻት። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። ተነሥታ ጫማዬን አጠለቀችልኝ።

ቁስሉ ተከፍቶ ታጠበ። መርፌ ተወጋሁ፣ የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጠኝ። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ፎቁን እየወረድኩ እየወጣሁ አሳጠብኩ። እናቴ ያን ሳምንት ሙሉ ስታለቅስ ነበር። «ማን ነገረኝ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ስለዚህ ሁለተኛ ልመና ላክልበት። ወላድ ከሆስፒታል ስትወጣ ብቻዋን አታናግሯት። የምታርሳትን ሴት ጥሩልን። እናቷ ትሁን አማቷ ወይም ጎረቤቷ፣ ቤት ይዛት የምትገባው እሷ ናት። አምስት ደቂቃ ስጧትና በግልጽ አማርኛ፣ ወይም በምትሰማው ቋንቋ፣ ንገሯት። ደሙ አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያርስ ከሆነ፣ ወይም ትልልቅ የረጋ ደም ከወጣ ነገ አይባልም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ የሚቀላና መግል የያዘ ስፌት ምች ተብሎ አይታለፍም። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥ ማለት፣ መንቀጥቀጥ የግፊት ሊሆን ይችላል፤ ግፊት ልጅ ከተወለደም በኋላ እስከ 6 ሳምንት ሊነሣ ይችላል። አንድ እግር ብቻ አብጦ ባት ላይ ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ድንገት ካጠረ፣ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በኦፕራሲዮን የወለደችም ብትሆን ሐኪሙ ከፈቀደላት ጊዜ ጀምሮ ቤት ውስጥ ቀስ እያለች መራመድ ያለባት። ተኝታ ብቻ መክረም አይበጃትም።

እናቴ ይህን ቢነግሯት ኖሮ ትሰማ ነበር። እንደ አራስ ነብር ዘብ የቆመችልኝ ሴት ናት።

በ30ኛው ቀን እናቴ አባቴ ብቻውን ስለነበር መመለስ ግድ ሆነባት። ቤቱ ፀጥ አለ። ጠዋት ባለቤቴ በሩን ዘግቶ ሲወጣ ደረጃው ላይ የእግሩ ኮቴ እስኪጠፋ እሰማለሁ። ከዚያ እኔና ልጁ ብቻ። የድሮው አራስ ቤት ሰው የሚርመሰመስበት ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን በር ይዘጋል። ሊጠይቀኝ የሚመጣው ሰው ስልክ ደውሎ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ነው። ሰኞ ማንም የለም።

መጀመሪያ ላይ ድካም መስሎኝ ነበር። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ሆድ መባስ፣ ማልቀስ፣ መነጫነጭ ብዙ ሴት ላይ የሚመጣ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይሄዳል። የእኔ አልሄደም። ልጁ ሲተኛ እንኳ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ምግብ አይወርድልኝም። ልጄን ሳየው «ይሄ ልጅ ከእኔ የተሻለ እናት ነበር የሚያስፈልገው» የሚል ሐሳብ ይመላለስብኛል። ለማንም አልተናገርኩም። እግዚአብሔር የሰጠኝን ማማረር መስሎ ተሰማኝ። ሰው ሁሉ «ያሳድግልሽ» እያለኝ እኔ ምን ብዬ ልናገር?

ነገሩን ያወቀችው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለች እኅቴ ናት። በስልክ ድምፄን ሰምታ ዝም አለች። ከዚያ የራሷን ነገረችኝ። ልጇን ለ2 ወር ምርመራ ስትወስዳት ለራሷ አንድ ወረቀት ሰጧት። አሥር ጥያቄ ነበረው። እዚያ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ልጁ 1፣ 2፣ 4 እና 6 ወር ሲሞላው በሚደረገው ምርመራ እናትየዋም ስለ ድባቴ እንድትጠየቅ ይመክራል። እኅቴ ወረቀቱ ላይ የሞላችውን አይተው ነው ለሕክምና የላኳት። ልጇን ልታሳይ ሄዳ ራሷ ታከመች። እኔ ያን ሰምቼ ነው ጤና ጣቢያ ሄጄ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አለ ወይ ብዬ የጠየቅኩት።

ያ መጠይቅ የኤድንብራ መጠይቅ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ነው የተዘጋጀው። ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአማርኛ አዲስ አበባ ውስጥ በወለዱ እናቶች ላይ ተሞክሯል፤ ጥናቱም በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። መሣሪያው በእጃችን ነው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች ከወለዱ ሴቶች ከአምስቷ አንዷ ገደማ የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድባቴ ይገጥማታል ይላል። ክትባት ክፍል ደጃፍ ላይ 30 እናቶች ተሰልፈው ከሆነ ስድስቱ እንደ እኔ ናቸው ማለት ይሆናል። የትኞቹ እንደሆኑ በፊታቸው አይታወቅም። እኔ ያን ማክሰኞ ፈገግ ብዬ ነበር።

ባለሙያዋ አንድ ወር ተኩል ያህል በየሳምንቱ አነጋገረችኝ። ባለቤቴንም ጠራችው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ልጁን እሱ እንዲይዝ፣ ለመጥባት ብቻ እንዲያመጣልኝ ተስማማን። ያ የሦስት ሰዓት እንቅልፍ ምን እንደሠራልኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ልጄን እያጠብኩ ሳንጎራጉር ራሴን ሰማሁት።

ክትባት ክፍሉ ውስጥ ምን ይጠየቅ ካላችሁኝ እኔ ሙያው የለኝም፤ ሐኪሞቹ ያውቁታል። እኔ ቢጠይቁኝ የምመኘውን ግን ልጻፍ። ደሙ ቆሟል ወይ? ስፌቱ፣ የላይኛውም የታችኛውም፣ እንዴት ነው? ሽንትና ሰገራ ትቋጥሪያለሽ? ጡትሽ ቆስሏል ወይስ አብጧል? እንቅልፍ ይወስድሻል? ልብሽ እንዴት ነው? ቤት ውስጥ የሚያግዝሽ ማነው? ጥያቄው የሚጠየቀው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው፤ ሰልፉ በሚሰማው ቦታ አይሁን። ግፊት ይለካ። የዓይኗ ቆብ ውስጡ ነጣ ብሎ እንደሆነ ይታይ፤ ደም ማነስ ብዙዎቻችንን የሚጥለን ነገር ነው። ስለ ቤተሰብ ምጣኔም እዚያው ይነገራት። የወር አበባዋ ሳይመለስ ልታረግዝ እንደምትችል የማታውቅ ሴት ብዙ ናት።

ከዚህ በኋላ ያለው ለእናንተ ለጠያቂዎች ነው።

አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ የሚለውን ታውቁታላችሁ። እኔ የምጨምረው ቤቱን እዩት የሚለውን ነው። እቃው ካልታጠበ እጠቡት። ልጁን ያዙላትና «አንቺ ተኚ» በሏት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቅዳሜ መጣች። ቡና አልጠበቀችም። የልጁን ጨርቆች በሳፋ ዘፍዝፋ አጠበቻቸው፣ በረንዳ ላይ አሰጣቻቸውና ሄደች። ወርቅ ብታመጣልኝ ያን ያህል ደስ አይለኝም ነበር። ጉንፋን የያዘው ሰው ይቆይ። ሕፃኑን አይስሙት። ስለ ሆዷ መጠን አይነገራት።

አይረን የሚባለውን እንክብል ተሰጥቷት ከሆነ በቡና ወይም በሻይ እንዳትውጠው ንገሯት፤ ቡናና ሻይ ሥራውን ያደክሙታል። አራስ ቤት ቡና የማይጠፋበት ቤት ነው፣ ስለዚህ ሰዓቱን ማራራቅ ነው። ውሃ በብዛት ትጠጣ። የልጁ ግን ሌላ ነው። እስከ 6 ወር የጡት ወተት ብቻ ይበቃዋል። ቅቤ አያልሱት። እንገሩን «የቆሸሸ ወተት ነው» ብሎ ታልቦ የሚደፋበት ቤት ዛሬም አለ። እባካችሁ ያን አስቀሩት። ያ ቢጫ ወተት የመጀመሪያ መከላከያው ነው።

አሠሪዎችም ይህን ካነበባችሁ አንድ ቃል አለኝ። ሕጉ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። እኔ በ91ኛው ቀን ሥራ ስገባ ጡቴ ሞልቶ ሸሚዜን ሲያርስ ሽንት ቤት ገብቼ አልብ ነበር። በር የሚዘጋ አንድ ትንሽ ክፍልና አንድ ወንበር ይበቃል። ጉሊት የምትቸረችረዋ፣ ሰው ቤት የምትሠራዋ ደግሞ ያቺንም 90 ቀን አታገኝም። እሷን የምታገኟት ክትባት ክፍል ብቻ ነው። ለዚህም ነው ያንን ክፍል አጥብቄ የያዝኩት።

እኔና ሦስት የሰፈራችን እናቶች ጥያቄዎቹን በትልልቅ ፊደል ጽፈን ጤና ጣቢያችን ወስደናቸዋል። የክትባት ክፍሏ ኃላፊ አንብባ «ግድግዳው ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ሰው ከጨመሩልኝ ደግሞ እጠይቃለሁ» ብላናለች። ሰው መጨመር የእሷ ሥልጣን አይደለም። የእናንተ ነው። ለሌላ ጤና ጣቢያ የሚሆን ቅጂ የሚፈልግ ካለ በደስታ እንሰጣለን።

የልጄ የ9 ወር የኩፍኝ ክትባት በሚቀጥለው ወር ነው። ያቺ አግዳሚው ላይ አልቀመጥ ያለችው ልጅም በዚያ ሰሞን ትመጣለች፤ ልጆቻችን እኩያ ናቸው። በጠዋት ሄጄ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት እናት፣ አዲስ አበባ